ካፒቴን ማጂድ በወላይትኛ

ካፒቴን ማጂድ ኳስ ይዞ ከመሐል ሜዳ ሲነሣ ሻይ ተጥዶ፣ ፈልቶ፣ ተጠጥቶ ያልቅ ነበር፤ እሱ ግን ገና ጎሉ ጋ አልደረሰም። ሜዳው ማለቂያ የለውም። የተጋጣሚው ጎል ከአድማስ ማዶ እንደ ማለዳ ፀሐይ ቀስ እያለ ብቅ ይላል። በዚህ መሐል ተከላካዩ ያስባል፤ በረኛው ያስባል፤ ማጂድ ደግሞ ልጅነቱን ያስታውሳል። በመጨረሻ ሊመታ እግሩን ሲያነሣ የዕለቱ ክፍል ያልቃል።

ይህን የምናየው አረካ ውስጥ ዲሽ ባስገቡ አንድ ጎረቤታችን ቤት ነበር። ጊዜው 2000 ዓ.ም. አካባቢ ነው። እኔ ዐሥር ዓመቴ፣ ታላቅ ወንድሜ ዐሥራ አራት። ጣቢያው ስፔስቱን ይባላል፤ የሚናገረው በዐረብኛ ብቻ ነው። ከመሐላችን ዐረብኛ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ወንድሜ ግን ይተረጉምልን ነበር፤ በወላይትኛ። ምንጣፉ ላይ የተኮለኮልነው ስምንት ዘጠኝ ልጆች ዐይናችንን ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ጆሯችንን እሱ ላይ አድርገን እንቀመጣለን። «አባቱ ሩቅ አገር ነው ያለው» ይለናል። «ሲመለስ እንዲያየው ብሎ ነው እንዲህ የሚጫወተው።» በረኛው ለምን እንደሚያለቅስ፣ አሠልጣኙ ለምን እንደሚቆጣ፣ ሁሉንም ያውቃል።

ለአንድ ዓመት ከምናምን አመንነው። ዐረብኛ እንደማያውቅ የነቃሁት አንድ ቀን የቴሌቪዥኑ ድምፅ ተበላሽቶ ዝም ሲል እሱ መተርጎሙን ስለቀጠለ ነው።

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች «ከልጅነትህ ጀምሮ ስለምትወደው ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ መዝሙር ወይም ሰንበት ትምህርት ጠብቀው ነበር መሰለኝ። እውነቱን ከጻፍኩ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው የምናባዊ ዓለም ፊልምና አኒሜ የሚባለውን የጃፓን ካርቱን ነው። ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ፤ በወጣቶች ኅብረት ውስጥ አገለግላለሁ፤ ማታ ማታ አኒሜ አያለሁ። አንዳንዶቻችሁ እንደምትስቁብኝ፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ እንደምትጸልዩልኝ አውቃለሁ። ሁለቱንም እቀበላለሁ።

ብዙ ቆይቼ ስለ ማጂድ አነበብኩ። የመጀመሪያ ስሙ ሱባሳ ነው። ዮይቺ ታካሃሺ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1981 መሳል የጀመረው ታሪክ ነው፤ ማጂድ ያሉት ዐረቦቹ ናቸው። አባቱ የመርከብ ካፒቴን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ላይ እንጂ ቤት አይገኝም። ወንድሜ አንድ ቃል ሳይገባው አባትየውን በትክክል አግኝቶታል።

አረካ ከሆሳዕና ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች ከመኪናው ጋር ሲዲውም ይደርሳት ነበር። ቪዲዮ ቤቱ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ የተጋረደ አንድ ክፍል ነው። ዝናብ ሲጥል ከቆርቆሮው ድምፅ የተነሣ ምንም ስለማይሰማ ዋጋ ይቀነስልናል። «የቀለበቶቹ ጌታ»ን ያየሁት እዚያ ነው። ፒተር ጃክሰን ከቶልኪን መጽሐፍ የሠራቸው ሦስት ፊልሞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ2002 እና በ2003 ወጡ፤ ሦስተኛው ብቻ 11 ኦስካር ወስዷል። እኛ ያየነው አንደኛውንና ሦስተኛውን ነው። የሁለተኛው ሲዲ ተጭሮ ነበር። ስለዚህ ጋንዳልፍ በአንደኛው ፊልም ገደል ገብቶ ሲቀር አልቅሰን ሳናበቃ፣ በሦስተኛው ነጭ ለብሶ በነጭ ፈረስ መጣ። ማንም አልጠየቀም። የቤተ ክርስቲያን ልጆች ነንና ትንሣኤ አይገርመንም።

ፊልሙ ትርጉም ነበረው። ትርጉም ስል ከሥር የሚጻፈውን አይደለም፤ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ በአማርኛ የሚተርክበትን ነው። ተራኪዎች ላይ ቅሬታ አለኝ። ጎበዞቹ ጎበዞች ናቸው፤ ሳናውቀው አማርኛ ያስተማሩን እነሱ ናቸው። ብዙዎቹ ግን ዝምታ አይችሉም። ሳም ቀለበቱን ከጓደኛው ላይ ሊቀበል እንደማይችል ሲያውቅ፣ ፍሮዶን ራሱን ተሸክሞ ተራራውን መውጣት የሚጀምርበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ የእኛ ተራኪ «ኩሊ ሆነ!» አለና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወንድሜ አልሳቀም። ወደ ቤት ስንሄድ በጨለማ ውስጥ ያንን ቦታ እንደገና ተረከልኝ፤ ሳም ምን እንዳለና ፍሮዶ ለምን መልስ እንዳልሰጠ ነገረኝ። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ካነበብኩ በኋላም በጆሮዬ የቀረው የእሱ ትረካ ነው።

ስለዚህ ፊልም ሲወራ ብዙ ሰው ፍሮዶ አሸነፈ ይላል። አላሸነፈም። እሳተ ገሞራው አፋፍ ላይ ደርሶ ቀለበቱን አልጥልም አለ፤ የእኔ ነው አለ። ቀለበቱ የጠፋው ጎለም የሚባለው ያ ምስኪን ፍጡር የፍሮዶን ጣት ነክሶ ስለወሰደው ነው። በፊልሙ ላይ ሁለቱ ታግለው ጎለም ይወድቃል፤ በመጽሐፉ ግን በደስታ ሲዘል እግሩ ስቶት ነው። እኔ መጽሐፉን እመርጣለሁ፤ ፊልሙ ለፍሮዶ ትንሽ ክብር ሊያተርፍለት የፈለገ ይመስላል። ጎለም እዚያ ቦታ ሊገኝ የቻለው አስቀድሞ ሊገድሉት ሲችሉ ስለማሩት ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በላይ የሚፈጀው ፊልም፣ ያ ሁሉ ሰይፍና ፈረስ፣ መጨረሻው የተንጠለጠለው በአንድ የቆየ ምሕረት ላይ ነው። ይህን ስል ስብከት የፈለግሁ እንዳይመስላችሁ፤ ፊልሙ በራሱ ያለው ነው።

ናርኒያን ደግሞ ያየነው በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው፤ በፕሮጀክተር፣ ነጠላ አንሶላ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ነው። አንበሳው አስላን በድንጋዩ ገበታ ላይ ሲታረድ እናቶች አለቀሱ። ከዚያ የወጣቶች መሪያችን መብራት አብርቶ «አስላን ማን ነው?» ሲል ሁላችንም እጃችንን አወጣን፤ አንድ ልጅ መለሰ፤ ተጨበጨበ፤ ወደ ቤት ሄድን። የናርኒያ ችግር ይህ ይመስለኛል፤ መልሱ ሲገኝ ጥያቄው ያልቃል። ሌዊስና ቶልኪን ኦክስፎርድ ውስጥ የልብ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ሌዊስ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ክርስትና ሲመለስ ከረዱት አንዱ ቶልኪን ነው፤ ሆኖም ቶልኪን ናርኒያን አልወደደለትም። እኔም በግማሽ ከቶልኪን ጋር ነኝ። በግማሽ የምለው ስለ ኤድመንድ ነው። ኤድመንድ ለጣፋጭ ብሎ ወንድሙንና እኅቶቹን ለጠንቋይቱ አሳልፎ የሰጠው ልጅ ነው። ያኔ «ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ!» ብዬ ነበር። ያን ዓይነት ልጅ ከአንሶላው ፊት ለፊት ተቀምጬ እኔው እንደሆንኩ አላወቅሁም።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት አንድ የሚያስቀኝን ነገር ልናገር። ሰንበት ትምህርት ላይ «ሱፐርቡክ» የሚባል የመጽሐፍ ቅዱስ ካርቱን ያሳዩን ነበር፤ ክሪስና ጆይ የሚባሉ ልጆች ጊዝሞ ከሚባል ሮቦት ጋር ወደ አብርሃም፣ ወደ ዳዊት ዘመን የሚሄዱበት። አሮጌውን ማለቴ ነው፤ አሁን በኮምፒዩተር የተሠራውን አይደለም። ያንን ካርቱን አንድ የአሜሪካ የክርስቲያን ቴሌቪዥን ድርጅት ያሠራው ጃፓን ውስጥ ታትሱኖኮ በሚባል የአኒሜ ስቱዲዮ ነው፤ መታየት የጀመረውም እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ማለትም ዓለማዊ ነው ተብሎ ሲወገዝ የነበረውና ሰንበት ትምህርት ላይ ሲታይ የነበረው የአንድ አገር ልጅ ነው። ዐይናቸው እንኳ አንድ ነው። ለአንድ ሽማግሌያችን ይህን ስነግራቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና «ታዲያ ጃፓኖችም ጌታን ይፈልጋሉ ማለት ነው» አሉኝ።

2006 ዓ.ም. ክረምት ላይ የወጣቶች ጉባኤ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የመጣው አገልጋይ በመጨረሻው ቀን ዓለማዊ ነገር ያለው ሁሉ አምጥቶ እንዲሰብር ጥሪ አደረገ። ልቤ ተነክቶ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን አልክደውም። ችግሩ የእኔ የሚባል ሲዲ አንድም ያልነበረኝ መሆኑ ነው። የነበሩት የወንድሜ ናቸው። በራችን ላይ በአንዲት ትንሽ ሳጥን ፊልም ያከራይ ነበር፤ ለአንድ አዳር ሁለት ብር። ስኳር ድንች ሲጭንና ሲያወርድ ባገኘው ገንዘብ አንድ በአንድ የገዛቸው ናቸው። እሱ ዕቃ ሊያመጣ ሶዶ ሄዶ ነበር። ሳጥኑን ይዤ ሄድኩ። ከአዳራሹ ኋላ ድንጋይ ላይ እየዘመርን ሰበርናቸው። ምስክርነት ስሰጥ ተጨበጨበልኝ። የማን እንደሆኑ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርኩም። ዳዊት ከኦርና አውድማውን በነጻ መቀበል እምቢ ያለበትን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ተምሬው ነበር። ያን ቀን ትዝ አላለኝም።

ለትልልቆቹ ፍትሐዊ ልሁን። ወላይታ ውስጥ ወንጌል መሰበክ ከጀመረ መቶ ዓመት ገና አልሞላውም። አያቶቻችን ጠንቋይን የሚያውቁት በፊልም አይደለም። በሬያቸውን የወሰደባቸው፣ ልጅ ሲታመም ቤታቸውን ባዶ ያስቀረባቸው ሰው ነው። እነሱ በስክሪን ላይ ድግምት ሲያዩ የሚደነግጡት ሞኝ ስለሆኑ ሳይሆን ስለሚያውቁት ነው። እኔ ጥፋቴ እነሱን መስማቴ አልነበረም። የሌላ ሰው እንጀራ ሰብሬ በራሴ ስም ማቅረቤ ነው።

ወንድሜ ማታ መጣ። ባዶውን መደርደሪያ አየው። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የሁለቱን ወንድማማቾችም?»

«አዎ» አልኩት።

ሌላ ቃል ሳይናገር ተኛ።

የሁለቱ ወንድማማቾች የሚለው «ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድ» የሚባለውን አኒሜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2010 የታየ፣ 64 ክፍል ያለው። ወንድሜ አርባ ክፍል ያህል ሄዶ ቀሪውን ለጊፋታ በዓል አስቀምጦት ነበር። ከወደድናቸው ሁሉ እሱ አንደኛው ነበር፤ ለእኔ ዛሬም ነው። ናሩቶን የምታስቀድሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ናሩቶን እኔም ወድጄዋለሁ፤ ማንም የማይፈልገው፣ ብቻውን የሚበላ ልጅ ሆኖ ሲጀምር የማይወደው የለም። ግን ሁለቱ ተከታታዮች አንድ ላይ 720 ክፍል ናቸው፤ ግማሹ ቢቀነስ ማንም አይጎዳም። ደግሞ ናሩቶ ስብከት ያበዛል፤ ጠላቱ ሁሉ በንግግር ንስሐ ይገባል። ይህን ያህል የሚቀናው ሰባኪ እኔ አላየሁም።

በ2008 ዓ.ም. ወንድሜ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። መንገዱን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ። ከወላይታ፣ ከሀዲያ፣ ከከምባታ በዚህ መንገድ ወንድሙ ያልሄደበት ቤት ጥቂት ነው። በሬ ተሸጠ፤ ብድር ተወሰደ። በሲዲዎቹ ምክንያት ሄደ አልልም፤ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ ይሄድ ነበር። ሳጥኑ ቢኖር ይቀር ነበር ወይ ብዬ ግን ብዙ ሌሊት ራሴን ጠይቄያለሁ።

እዚያ በአንድ መንደር ውስጥ ትንሽ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ከብረት ፍርግርግ ኋላ ሆኖ ዳቦና ስኳር ይሸጣል። አንድ ቀን በስልክ «እዚህ ስሜ ማይ ፍሬንድ ነው» አለኝ። ሕፃኑም ሽማግሌውም ማይ ፍሬንድ ይለዋል። ከሚሠራበት ቤት ውጪ በስሙ የሚጠራው የለም። እየሳቀ ነው የነገረኝ። እኔ ግን የሃያኦ ሚያዛኪ «ስፒሪትድ አዌይ» ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ በ2003 ኦስካር የተሸለመ ፊልም ነው። ቺሂሮ የምትባል የዐሥር ዓመት ልጅ ወላጆቿ የሰው ምግብ ያለ ፈቃድ በልተው ዐሣማ ሲሆኑባት በመናፍስት መታጠቢያ ቤት ሥራ ትቀጠራለች። አሠሪዋ ጠንቋይቱ ዩባባ መጀመሪያ የምታደርገው ስሟን መውሰድ ነው። ከስሟ ቆርጣ ሴን የሚለውን ብቻ ትተውላታለች። እዚያ ስሙን የረሳ ሰው ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መንገድ ያጣል። ፊልሙን ያየሁት መናፍስት አለበት ብለው የሚነቅፉት ሰዎች ሲያወሩ ሰምቼ ነው፤ አለበትም። ለእኔ ግን ስለ ስደት ካየሁት ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው። ጫማዋን የምታወልቅበት፣ አጎንብሳ ወለል የምትወለውልበት፣ ሩዝ እየበላች እንባዋ ዱብ ዱብ የሚልበት ቦታ አለ። ለወንድሜ ላክሁለት። «ማይ ፍሬንድ፣ አየሁት» ብሎ ጻፈልኝ። ከዚያ ወዲህ ስደውል ሰላም ከማለቴ በፊት ሙሉ ስሙን ከነአባቱ እጠራለሁ።

በ2013 ዓ.ም. እናታችን ዐረፈች። ወረቀት ስላልነበረው መምጣት አልቻለም። ለለቅሶው ወጪ ገንዘብ ላከ፤ ከሚያስፈልገው በላይ ላከ። የእድር ሰዎች «ልጇ ጎበዝ ነው» አሉ። ቀብሩን በስልክ በቪዲዮ አሳየሁት፤ ኔትወርኩ እየቆራረጠ፣ የሰው ጀርባና ጃንጥላ ብቻ እያየ።

ከዓመት በኋላ እሱ ራሱ «የወንድማማቾቹ መጨረሻ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀኝ። ከስምንት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሳላየው እንደቀረሁ ነገርኩት፤ እውነት ነው፤ ከዚያ በኋላ ልነካው አልቻልኩም ነበር። በቴሌግራም አውርደን ከመጀመሪያው አብረን ማየት ጀመርን። የእነሱ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ ሲገባ እኛ ጋ ከምሽቱ አራት ሰዓት ይሆናል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን እኩል እንከፍታለን።

ላላያችሁት ታሪኩ እንዲህ ነው። ኤድዋርድና አልፎንስ አባታቸው ጥሏቸው የሄደ፣ እናታቸው በሕመም የሞተችባቸው ሕፃናት ናቸው። በአገራቸው አልኬሚ የሚባል ጥበብ አለ፤ አንዱን ነገር ወደ ሌላ የመለወጥ ጥበብ። ሕጉ እኩል ልውውጥ ነው፤ አንድ ነገር ለማግኘት ዋጋው እኩል የሆነ ሌላ ነገር መስጠት አለብህ። ልጆቹ በዚህ ጥበብ እናታቸውን ሊያስነሡ ይሞክራሉ። አልተነሣችም። ታላቁ እግሩን፣ ታናሹ መላ አካሉን አጣ። ታላቁ ደግሞ ክንዱን ከፍሎ የወንድሙን ነፍስ በብረት ጥሩር ላይ አሰረ። ከዚያ የጠፋውን ለመፈለግ ሲነሡ ወደ ኋላ እንዳይመለሱ ብለው ቤታቸውን አቃጠሉ።

ያ ክፍል ሲመጣ እንዝለለው ልል ነበር። ወንድሜ ዝም ብሎ አየው። «ቤቱን ለምን እንዳቃጠሉት ያኔ አልገባኝም ነበር» አለኝ።

አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ኤድዋርድ በእግዚአብሔር አያምንም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ውስጥ ሕዝብን በሐሰት ተአምር የሚያታልል ካህን አለ፤ ኤድዋርድ ያጋልጠዋል። ልጅ ሆኜ በዚህ ምክንያት ፊልሙን ስለመውደዴ እፈራ ነበር። አሁን አልፈራም። ሐሰተኛ ነቢይን ማጋለጥ የእኛም ሥራ መሆን ነበረበት። ደራሲዋ ሂሮሙ አራካዋ ሆካይዶ በምትባል የሰሜን ጃፓን ደሴት በወተት ላም እርባታ ቤት ያደገች ናት፤ ይታወቅባታል። ልጆቹ ገና ትንንሽ ሳሉ መምህራቸው ሰው የሌለበት ደሴት ላይ አንድ ወር ትታቸው የምትሄድበት ክፍል አለ፤ ዓሣ አጥምደው፣ መብላት ማለት የሌላው መሞት መሆኑን ይረዳሉ። ገበሬ ቤት ላደገ ሰው ይህ ፍልስፍና አይደለም፤ በጊፋታ ዋዜማ ያሳደገው በሬ ሲታረድ ያየ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል።

ወንድሜ ግን የያዘው እኩል ልውውጡን ነው። «ልክ ናቸው» ይላል። «ሁሉም በዋጋ ነው። እኔ መጣሁ፤ አንተ ተማርክ። እኔ ቀረሁ፤ እማ በደንብ ተቀበረች።» በሰንበት ትምህርት ስለ ጸጋ የተማርነውን ላነሣለት እጀምርና አፌ ይያዛል። በእሱ ገንዘብ የተማረ ሰው ስለ ነጻ ስጦታ ሲሰብከው እንዴት ይሆናል? አንድ ቀን እንደምንም ብዬ ስለ ሲዲዎቹ ይቅርታ ጠየቅሁት። ዐሥር ዓመት ሊሞላው ነበር።

«አርባ ይሆኑ ነበር» አልኩት። «ዋጋቸውን . . .»

«አርባ ሦስት» አለኝ ወዲያው።

ቆጥሯቸው ኖሯል። «አንተን ያስተማርኩበትን አልቆጠርኩትም» አለኝ ቆይቶ። «ሲዲዎቹን ግን ቆጥሬያለሁ።»

በ2015 ዓ.ም. ሦስት ክፍል ሲቀረን የእነሱ አገር መብራት በየሰዓቱ በተራ የሚጠፋበት ጊዜ ሆነ። የሱቁ ፍሪጅ እንኳ አልበርድ ብሎ ተቸገሩ። ስልኩ ባትሪው ለቪዲዮ አይበቃም፤ ለድምፅ ብቻ ይበቃል። ለሦስት ሳምንት ጠበቅን። አንድ ማታ ደወልኩ፤ ስሙን ጠራሁት።

«ጨለማ ነው» አለኝ። «አንተ አይተኸዋል አይደል?»

አይቼው ነበር። መታገሥ አልቻልኩም።

«እንግዲያው ተርክልኝ።»

በወላይትኛ ጀመርኩ። አልፎንስ የወንድሙን ክንድ ለመመለስ ራሱን እንደሰጠ፣ አባትየው «በእኔ ሕይወት አስመልሰው» ሲል ኤድዋርድ ተቆጥቶ እንደከለከለው፣ በመጨረሻም ኤድዋርድ አልኬሚውን ራሱን፣ ጥበቡን በሙሉ ሰጥቶ ወንድሙን እንዳወጣው ነገርኩት። አልፎንስ ከዚያ በኋላ ስለ እኩል ልውውጥ ሌላ ነገር እንዳሰበ ነገርኩት፤ ዐሥር ተቀብሎ፣ አንድ ከራስ ጨምሮ፣ ዐሥራ አንድ አድርጎ መመለስ።

«እሱን ከራስህ ነው የጨመርከው» አለኝ።

«ፊልሙ ላይ አለ።»

«ሰባኪ ሆነሃል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፍቶ ነው የምትተረጉመው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ያን ቀን እንዳወቅሁበት እስካሁን ያወቀ አይመስለኝም ነበር።

«አባትየውስ?» አለኝ ከዚያ። «የት ደረሰ?»

ይህን ልዘለው አስቤ ነበር። ወደ አገሩ ተመልሶ በሚስቱ መቃብር ፊት እንደተንበረከከ፣ እንደዚያው ሆኖ ፈገግ እንዳለ ሞቶ እንደተገኘ ነገርኩት።

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። ከእሱ በኩል ውሻ ሲጮኽ ይሰማል።

«እማ ጋ ሣሩ አድጓል?» አለኝ።

«ባለፈው ሳምንት አጨድነው።»

«እሺ» አለ። «ቀጥል።»